እማዬን ከሦስተኛ ፎቅ የማወርድበት መላ ጠፋኝ፤ የብሎካችን ራምፕ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

የጀሞዋ ልብስ ሰፊ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽኔ ሳሎን መስኮቱ ሥር ናት። ደንበኞቼ እያለከለኩ ይወጡና "ፎቅሽን ብትቀንሺልን ዋጋ አንከራከርሽም ነበር" ይሉኛል።

ቤቱ የእማዬ ነው። በ1997 ተመዝግባ፣ ዓመታት ጠብቃ፣ ዕጣ የወጣላት ቀን እልልታዋ ሰፈሩን ደጅ አስወጣው። ያኔ 57 ዓመቷ ነበር። በሁለት እጇ ዘንቢል ይዛ ሳታርፍ ትወጣው ነበር። "ምድር ቤት ቢደርሰኝ አቧራና ሌባ ነበር" እያለች ፎቁን ታመሰግናለች።

አሁን 71 ዓመቷ ነው። ዓምና ኅዳር ላይ ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ ሰነፉ። ቤት ውስጥ በከዘራ ትንቀሳቀሳለች፤ ሃምሳ እርምጃ ከሄደች ግን ማረፍ አለባት። ለደጅ ዊልቸር አላት።

ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ። ከቤታችን እስከ ምድር 54፣ ከዚያ የብሎኩ መግቢያ ላይ ሌላ 3። ሃምሳ አራቱን የብሎኩ ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወርዷታል። አራት ልጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ሥራ ከገቡ ቀጠሮው ተሰረዘ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወርደው። አንድ ቀን "በቁሜ አስከሬን አደረጋችሁኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ካልሆነ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

በየወሩ በ21 ማርያምን ሳትሳለም የማትውል ሴት ናት። ዕድርም አለባት። ለቅሶ በቀረች ቁጥር ቅጣት ተጽፎባት ባለፈው ሄጄ ከፈልኩ። ጸሐፊው "እማማ እንዲህ ሆነው እኮ" ብሎ በጣም አዘነ። ብሩን ግን ተቀበለኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ወር ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤታችን በሦስቱ የመግቢያ ደረጃዎች ላይ በነፃ ራምፕ (ለዊልቸር ተዳፋት መወጣጫ) ሠራልን። ቱቦላሬውን በይዶ፣ ላዩ ላይ ላሜራ መታበት። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ። ከዚያ እማዬን ይዘን ሞከርነው። ስንወርድ ወንበሩ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው፤ እሷም ወደ ፊት ልትደፋ ነበር። ስንወጣ ለሁለት ገፍተን ግማሽ ላይ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ዘነበና ላሜራው ሳሙና ሆነ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የእጄን አንጓ አዞረው። አሁን በግራ እጄ ነው ጨርቅ የምገፋው።

ልጁም ተቀይሟል። "በነፃ ሠርቼ ስሜ ጠፋ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ሌላ ማን ሠራልን?

እና ጥያቄዬ፦ ይኼ ራምፕ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ደግሞስ ምድር ካለ ሰው ጋር ቤት መቀያየር ይቻላል? ሦስተኛም አለኝ። ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው፤ መሐል ላይ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ አለ። ራምፑ ቢስተካከልስ ከዚያ ወዴት ነው የምገፋት?

ባለ አራት ጎማ

እህቴ፣ አንጓሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ዊልቸር ላይ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ራምፕ ሁለቴ ጥሎኛል። ሁለት ቁጥር ብቻ ስጪኝ። ሦስቱ ደረጃዎች ተደምረው ከፍታቸው ስንት ነው? ላሜራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ነው? ሜትር አይጠፋሽም መቼም።

የጀሞዋ ልብስ ሰፊ

አሁኑኑ ወርጄ ለካሁት። ከፍታው 51 ሴንቲ። ላሜራው 150።

ባለ አራት ጎማ

በቃ፣ በሽታው ተገኘ።

ሕጉ ቀላል ነው። ለአንድ ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት። ብዙ አገር ብትሄጂ አንድ ለአሥራ ሁለት ይሉሻል። 51 በ12 ሲባዛ 612 ነው። ስድስት ሜትር ከ12 ሴንቲ ያስፈልጋችሁ ነበር። የሠራችሁት አንድ ለሦስት ነው። እሱ ራምፕ አይደለም፣ ሸርተቴ ነው። የሕፃናት መጫወቻ ውስጥ ቢተከል ያምራል።

በብየዳው ልጅ አትፍረዱበት። ደረጃ ላይ ጣውላ አጋድሞ በርሜል የሚያንከባልል ሰው ዓይን ነው ያለው። ሁላችንም ያየነው እሱን ነው።

ስትሠሩት ደግሞ እነዚህን ያዢ። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይነስ፤ 120 ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ላይኛው ጫፍ በሩ ፊት ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ልሙጥ ማረፊያ ይኑረው። አለበለዚያ ወንበሩን በአንድ እጅ ይዘሽ በሩን በሌላው ልትከፍቺ ነው፤ እሱ ሰርከስ ነው። በሁለቱም ጎን መያዣ ብረት፣ ወገብ አካባቢ፣ 90 ሴንቲ ገደማ። ሁለቱም ጎን ያልኩት እናትሽ ግራ እጃቸው ስለሰነፈ ነው። ሲወጡ የሚይዙት አንዱን፣ ሲወርዱ ሌላውን ነው። ጎማው በጠርዙ እንዳያመልጥ ዳር ዳሩ ትንሽ ከንፈር ይውጣለት። ሊሾ እንዳታስደርጊ! ግንበኛ ሊሾ ይወዳል፣ ያብለጨልጫል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ይጫርበት፤ ዝናብ ሲመጣ ጎማውን ይይዛል።

እስከዚያ ድረስ ስትወርዱ ፊታቸውን ወደ ታች አድርገሽ አትልቀቂ። አንቺ ከታች ሁኚ፣ ጀርባቸው ወደ አንቺ ይሁን፣ ወደ ኋላ እየተራመድሽ አውርጂ። በሸርተቴው ላይ ግን እንዲህም ቢሆን አትሞክሪው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ልጨምር። የመታጠቢያ ቤታችሁ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው? ከሆነ ገልብጪው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ገላው በሩን ይዘጋዋል፣ ከውጭ መግፋት አይቻልም። ይህንን በሰው ቤት ደርሶ አይቻለሁ።

ፕላን ቤት

እኔ አርክቴክት ነኝ። ገና ከትምህርት እንደወጣሁ እንዲህ ዓይነት ብሎኮች ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከወቀሳው ድርሻዬን ልውሰድ።

ለምን ሊፍት የለም ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ሁሌ ስለሚነሳ ልበለው። ሊፍት ሲገዛ አያልቅም። መብራት አለ፣ ጥገና አለ፣ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። ቤቱ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የታሰበ ስለነበር ምድር ሲደመር አራት ፎቅ በእግር ይወጣ ተባለ። በኋላ በ40/60 የቁጠባ ቤቶች ፕሮግራም የተሠሩት ረጃጅሞቹ ሊፍት አላቸው። የሊፍቱ ነገር ይገባኛል፣ የገንዘብ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሦስቱ የመግቢያ ደረጃዎች ናቸው። እነሱ የገንዘብ ጉዳይ አልነበሩም። ጎርፍ እንዳይገባ ወለሉ ከፍ ማለት አለበት፣ ልክ። ግን ሜዳው በዶዘር ሲደለደል መግቢያው በኩል መሬቱ ቀስ እያለ እንዲነሳ ማድረግ ይቻል ነበር። አፈሩ እዚያው ነበር፣ ዶዘሩም እዚያው ነበር። እኛ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ሠርተን አለፍን። 25 ዓመቴ ነበር፤ ሦስት ደረጃ ለእኔ ደረጃ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው አንስቶት ነበር። "አካል ጉዳተኛ ምድር ላይ ይሰጠዋል" ተባለና ተዘጋ። በዕጣው ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ የተያዘባቸው ዙሮች አሉ፣ መልካም ነው። ግን እናትሽ ዕጣ ሲወጣላቸው ደህና ነበሩ። እርጅና ተራ ጠብቆ አይመዘገብም። ደግሞ ምድር ላይ የተሰጠውም ሰው ቢሆን ሦስቱን ደረጃ ማን ያወጣዋል?

ስለ ሕጉ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለባለ ዊልቸርም፣ መራመድ ችሎ ደረጃ ለሚያቅተውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። መጸዳጃ ቤቱንም ይጨምራል። ሁለተኛው ሰው ራሳቸው እናትሽ ናቸው። ችግሩ፣ አንቀጹ የሚለው "የሕዝብ መገልገያ" ነው፤ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ደጃፍ ላይ ጎትተሽ ብታመጪው ይከራከሩሻል። በ2002 አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት (አዋጅ 676) ሰፋ ይላል፣ አንቀጽ 9ን አንብቢው።

ለሥራ የሚጠቅምሽ ግን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ 370/1995 ነው። ከበራችሁ ውጭ ያለው፣ ደረጃውም፣ መግቢያውም፣ ደጁም የጋራ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በራሱ ብር እንኳን ብድግ ብሎ አይሠራም፤ ኮሚቴው ብቻውንም መከልከል አያምርበትም። ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አስይዢ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነንድፉ። ንድፉን እኔ በነፃ እሠራልሻለሁ። 612 ሴንቲውን በቀጥታ ወደ ፊት ከዘረጋሽው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ትገቢያለሽ። ለሁለት ክፈይው። 306 ወደ ጎን ግድግዳውን ተከትሎ፣ መዞሪያው ላይ ሜትር ተኩል ልሙጥ፣ ከዚያ ሌላ 306 ተመልሶ። በሩ ፊት ስንት ሜትር ክፍት ቦታ እንዳለ ለክተሽ ጻፊልኝ።

የቀድሞ ሊቀመንበር

ሁላችሁም መልካም ትላላችሁ። እኔ ግን በሌላ ሳይት ስድስት ዓመት ኮሚቴ ሆኜ አገልግያለሁ፤ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ለጄኔሬተር ጥገና 200 ብር አዋጡ ስንል በር የሚዘጋ ሰው ነው ያለው። "ለአንዲት እናት ብለን ሁለት የመኪና ቦታ እናጣለን?" የሚል ይነሳል፣ ስብሰባውም በጭቅጭቅ ይበተናል። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ልጆቹ ተሸክመው ቢያወርዱ ይሻላል። ባህላችንም መረዳዳት ነው። በስድስት ሜትር አርማታ ምክንያት ጎረቤት ከሚኮራረፍ።

የጀሞዋ ልብስ ሰፊ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። መረዳዳቱንማ አልካድኩም፤ ልጆቹን በየበዓሉ የምመርቀው እኔ ነኝ። ግን እርስዎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አራት ጎረምሳ አስፈቅደው ነው?

ደግሞ ለአንዲት እናት አይደለም። ይህን ጥያቄ ከጻፍኩ ወዲህ መስኮቴ ላይ ሆኜ መግቢያውን አያለሁ፤ ማሽኑ እየሄደ ዓይን ሥራ አይፈታም። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ማን ሦስቱ ደረጃ ላይ እንደሚንገዳገድ ቆጠርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ከነልጅ ጋሪዋ። ጀሪካን በጋሪ የሚያመጣው ልጅ፤ ውኃ ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ በቀን አራቴ ነው የሚመላለሰው። ሲሊንደር የተሸከመ የጋዝ ሰው። ቁም ሣጥን የሚያስገቡ ሁለት ሰዎች፣ መስተዋቱን እዚያው ሰበሩት። እግሩ በጄሶ የታሸገ የአራተኛ ፎቅ ተማሪ። ከእማዬ ሌላ ማለቴ ነው። እማዬማ አልወረደችም።

ነጭ በትር

ስልኬ እያነበበልኝ ተከታተልኳችሁ። ዓይነ ስውር ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውምና እኔ ልንካው።

ክዳኑ የጠፋ ቱቦ ያልሽው ለእኔ ወሬ አይደለም፤ እስከ ብብቴ ገብቼበታለሁ። መጀመሪያ ያንን። የወረዳ ደጅ ጥናቱ ይቆይ፤ ነገ የብየዳው ጎረቤትሽ ከፌሮ ፍርግርግ ሠርቶ ይክደነው። ቅሬታውም ይበርድለታል። የፍርግርጉ ቀዳዳ ግን ጠባብ ይሁን፤ የበትሬም ጫፍ የዊልቸሩም ትንሿ ጎማ እንዳትሰምጥ። የብረቶቹን አቅጣጫም መሄጃውን አቋርጠው እንዲያልፉ አድርጉ።

ሁለተኛው ነገር ለባለ አራት ጎማ ነው። ወንድሜ፣ አንተና እኔ አንዳንዴ ጠላቶች ነን፣ ታውቃለህ? አንተ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከአስፋልቱ እኩል እንዲሆን ትፈልጋለህ። እኔ ደግሞ አስፋልት መድረሴን የማውቀው በዚያች ጠርዝ ነው። ልሙጥ ካደረጉት ሳላውቀው መኪና መሐል ነኝ። መፍትሔው ጠርዙን መመለስ አይደለም። ልሙጡ ቦታ ላይ በእግርም በበትርም የሚታወቅ ጉብ ጉብ ያለ ንጣፍ ማድረግ ነው። ቢጫው ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈልስፎት፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ መጀመሪያ ተነጠፈ። ነጥብ ነጥቡ "ቁም" ነው፣ ረዥም ረዥሙ መስመር "ቀጥል"። ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ጽሑፍ በሉት።

ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት መንገዶች እኔ የምሄድባቸው ላይ ይኼ ቢጫ አለ። አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ረዥም ርቀት ስሄድበት ዕንባዬ መጣ። ሰፊ ነው፣ ማታም መብራት አለው ይሉኛል። ዋናውን መንገድ ለቅቄ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ግን በትሬ ፊደል ያልቅበታል። የቀረው መንገድ ኮብልስቶን፣ የአሸዋ ክምር፣ የቆመ መኪና ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቢጫው መስመር ላይ ሞተር ሳይክል ቆሞበት አገኛለሁ። ባለ ሞተሩን ስጠይቀው "ቦታው ባዶ መሰለኝ" አለኝ። ከልቡ ነበር።

ኮብልስቶኑን አታስነቅሉት። ለዊልቸር ግን መሐሉን አንድ ሜትር ያህል ልሙጥ ንጣፍ ብታስገቡበት ጎማው በእሱ ላይ ይሄዳል። እናትሽ ሃምሳ እርምጃ ነው ያልሽው? እንግዲያው በየሃምሳ እርምጃው የሚቀመጡበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ግንድ ይሁን፣ ብሎኬት ላይ ጣውላ ይሁን። መደገፊያና የእጅ መያዣ ካለው እሰየው፤ እሱ ከሌለ መቀመጡ ቀላል፣ መነሳቱ ጉድ ነው።

ሹፌሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አውቶብስ እነዳለሁ። ባለ ዊልቸር ፌርማታ ላይ ካየሁ አውቶብሱን ወደ ጎን አንበረክከዋለሁ፣ ራምፑን እዘረጋለሁ፣ ወንበሩን እንደ ሻንጣ ሳይሆን እንደ ተሳፋሪ አስሬ እነሳለሁ። የሚያጉረመርም ተሳፋሪ የለም፤ ሕግ ነው። ይኼ ሕግ ግን ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በማርች 1990 አካል ጉዳተኞች ከወንበራቸው ወርደው፣ ክራንቻቸውን ጥለው፣ የምክር ቤቱን ደረጃ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረችባቸው። በጁላይ ሕጉ ተፈረመ። የሥራ ሥልጠና ላይ ሲያሳዩን ሁላችንም ጸጥ አልን።

የጀሞዋ ልብስ ሰፊ

ወንድሜ፣ እዚህ ሚኒባሱ ለወንበሩም ለብቻው ሒሳብ ይጠይቀኛል፤ እሱም ከቆመልኝ ነው። ታሪኩን ግን ለእማዬ ነገርኳት። "ደረጃውን በደረታቸው?" አለች። ትንሽ ቆይታ "54 ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ደላላ አይደለሁም

ሁለተኛው ጥያቄሽ ተረሳ። ባለቤትነት መቀያየር ውስጥ አትግቢ፤ የባንክ ዕዳ፣ ካርታ፣ ውክልና፣ ሁለት ዓመት ትንከራተቻለሽ። የእናንተን ሦስተኛ ፎቅ አከራዪና ምድር ላይ ተከራዪ። አዲሱ የኪራይ አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል እናትሽን በየስድስት ወሩ አትጎትቻቸውም። ከመዋዋልሽ በፊት ግን የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ እዪ። ብሎኩ ሲዘጋ የአራት ፎቅ ፍሳሽ የሚገነፍለው ምድር ላይ ነው። ከዘነበ በኋላ ሄደሽ አሽቺ።

የጀሞዋ ልብስ ሰፊ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ የሠርግ ልብስ ነበረብኝ። ያለውን ልንገራችሁ።

ቱቦው ተከድኗል። የብየዳው ልጅ ፍርግርጉን በአንድ ማታ ሠራው። አሁን ሲያልፍ በጫማው መታ መታ ያደርገዋል።

ፕላን ቤት ንድፉን ልኮልኝ ነበር፤ ኮሚቴዎቹን ሳሳያቸው ወረቀቱን ገለበጡት፣ አዞሩት፣ መለሱልኝ። ፕላን ማንበብ ቀላል አይደለም፤ እኔም ፓተርን ስለምቆርጥ ነው የገባኝ። እና ምን አደረግኩ፣ አቡጀዴ ገዝቼ ራምፑን ሰፋሁት። በልኩ፣ 120 ስፋት፣ 306፣ መዞሪያው፣ ሌላ 306። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ ነበር። ከመጀመሩ በፊት ጨርቁን በመግቢያው ፊት ዘረጋሁት፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዝኩት።

ሰው ሁሉ ዙሪያውን መዞር ጀመረ። ሁለት መኪና ይበላል የተባለው አንድ እንኳ ሙሉ አልበላም። የአንዱን ግማሽ ነው የወሰደው። ባለመኪናው ራሱ መኪናውን አስነስቶ፣ አጠጋግቶ አቁሞ፣ ወርዶ አየውና "ይበቃኛል" አለ። ችግሩ የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። ግድግዳውን የተከተለው ክፍል በፀጉር ቤቷ መስኮት ሥር ያልፋል፤ መያዣ ብረቱ ማስታወቂያዋን ሊሸፍን ነው። እሷ ትጮሃለች ብዬ ስፈራ "ብረቱ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ እንዲያውም ከፊቱ ይታያል" አለች። በድምፅ 14 ደገፉ፣ 3 ተቃወሙ፣ አንዱ "ልጄን ልጠይቅ" ብሎ ሄደ። እስካሁን እየጠየቀ ነው።

አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ተዋጥቶ ገብቷል። ግንበኛው ሊሾ ላድርገው ብሎ ነበር! ቆሜ አስጫርኩት። መጥረጊያውን ራሴ ነው የያዝኩለት። የድሮው ላሜራ ተቆርጦ ለጠርዙ ከንፈር ሆነ፤ ቱቦላሬው ደግሞ መያዣ ብረት ሆኗል።

ሃምሳ አራቱ ደረጃዎች ግን እዚያው ናቸው። ጎን ካለው ብሎክ ምድር ላይ ቤት አግኝቻለሁ። ሁለቴ ከዝናብ በኋላ ሄጄ አሸተትኩት፣ ደህና ነው። እማዬ "ዕጣዬን ለተከራይ ሰጥቼ ምድር ለምድር አልንፏቀቅም" ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ትናንት ልጆቹ አውርደዋት ነበርና ቤቱን በመስኮት አየችው። ምንም አላለችም። ደጁ ላይ ተቀምጣ ግን ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ስታወራ ዋለች፤ የአንዷን ቀሚስ መጋጠሚያም ተቸች። እኔ ለሥራ ደንበኛ አገኘሁ።

አሁን የቀረኝ የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው። አዲሱም ቤት እንደ እኛው ነው፤ ክፍቱ 68 ሴንቲ፣ ዊልቸሩ 66። ጣቴን ሊልጠው ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ አከራዩ አላስፈርስም ብሏል። ምን ይሻለኛል?

ባለ አራት ጎማ

68ቱን የለካሽው በሩ ተከፍቶ ነው አይደል? የበሩ ውፍረት ራሱ አራት ሴንቲ ይበላል። በሩን ከነማጠፊያው ንቀይና አልጋ ሥር አስቀምጪው፤ ስትለቁ ለአከራዩ ይመለሳል። 72 አገኘሽ ማለት ነው። በቦታው መጋረጃ ስፊለት። ወፍራም ጨርቅ ይሁን፣ ከላይ በሐዲድ።